ከበራችን እስከ ጋሽ ከድር ሱቅ

መጀመሪያ የከዳኝ ግራ እጄ ነው። ጠዋት ነበር። ከበራችን ውጭ ያለውን ዛፌን ውኃ ሳጠጣ የውኃው ጎማ ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳው ስል ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። ጎማው ኮብልስቶኑ ላይ እየተገለባበጠ ቀሚሴን ሲያበሰብሰው ቆሜ አየዋለሁ። አላመመኝም። ይህን ለምታነቡ ሰዎች ደግሜ ልናገር፤ ምንም አላመመኝም።

አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ዘነበች ብቅ ብላ አየችኝና፣ «አክስቴ፣ አፍሽ ምን ሆኖ ነው የተጣመመው?» አለች። «ምች ነው፤ ዳማከሴ ቁረጪና አምጪ» አልኳት። ማለት የፈለግሁት ይህን ነው፤ ከአፌ የወጣው ግን ቃል አይመስልም፤ ምላሴ ወፍሯል። ዘነበች፣ ዕድሜ ይስጣት፣ ዳማከሴውን ትታ መንገዱ ጥግ ላይ ወዳለው ወደ ጋሽ ከድር ሱቅ ሮጠች። ጋሽ ከድር ሱቁን ለማን እንደተዉት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መኪናቸውን አስነስተው ከተፍ አሉ። እኔ ደግሞ አልሄድም አልኩ። በረጠበ ቀሚስ፣ እንዲህ ሆኜ፣ ሰው ፊት?

«ቲቸር፣ ወላሂ ተሸክሜዎት ነው የምሄደው» አሉ። ደግሞም ተሸከሙኝ።

ቲቸር የሚሉኝ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የስፖርት አስተማሪ ስለነበርኩ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፊሽካ እየነፋሁ የሰው ልጅ ሳሯሩጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰው ሲሸከመኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከሕመሙ ይልቅ ያበሸቀኝ እሱ ነው።

ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ዶክተሩ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ «እናቴ፣ ምች አይደለም። ስትሮክ ነው። በአንጎልዎ ቀኝ በኩል ያለ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል፤ ግራ ጎንዎን የሚያዘው ያ ክፍል ነው። ቶሎ መምጣትዎ ጠቅሞዎታል» አለኝ። እግሬ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ብዙው በእርስዎ ልፋት ነው» አለ።

ግራ እግሬ የለም። ግራ እጄ የለም። ውኃ ስጠጣ ትን ይለኛል። ሽንት ቤት በሰው ድጋፍ ነው። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ የተኛሁ መስዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሲወጡ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቅሳለሁ።

ዘመድ ሁሉ፣ «ውጭ ላለ ሰው ሕመም አይነገርም፤ ልጅቷን አታስደንግጧት» አለ። ዘነበች አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸውና ወጥታ ደወለች። አውስትራሊያ ያለችው አንድዬ ልጄ ማህሌት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጣች። አልጋዬ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ በቀኝ እጄ ፀጉሯን ዳበስኩት። የዚያን ዕለት መዳን አማረኝ።

ማህሌት የምትኖረው ሜልበርን ዳር ባለ ሰፈር ነው። ስትወልድ ላርሳት ሄጄ ዓመት ገደማ ኖሬበታለሁ። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የታደለ ሰፈር ነው። ጸጥ ያለ፤ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዛፍ፤ የእግረኛው መሄጃ ለስላሳ። ልጆች ከትምህርት ቤት በብስክሌት ይመለሳሉ፣ አባቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ሣር ያጭዳሉ፣ አጥሩ ከጉልበት አይበልጥም። ባሕር ዛፍ ባየሁ ጊዜ፣ «አንተም እዚህ መጣህ?» ብዬ ስቄ ነበር። ማህሌት፣ «እማዬ፣ አገሩ እኮ ነው፤ እኛ ጋ ነው በእንግድነት የመጣው» አለችኝ። ፊት ለፊታችን ያሉ አንዲት አሮጊት ከጓሯቸው ሎሚ እየለቀሙ ደጃፋችን ላይ ያስቀምጡልናል። እጃቸውን ከሩቅ ያወዛውዙና ይገባሉ። ዓመት ሙሉ እሳቸውም ቤታችን አልገቡ፣ እኔም ቤታቸው አልገባሁ። ክፋት የለባቸውም፤ ልማዳቸው ነው።

ወደ ቤቴ፣ አዲስ አበባ ወደ ለቡ መብራት ኃይል ስመለስ ይዤው የመጣሁት የዛፍ አባዜ ነው። መንገዳችን ያኔ ግንብና የብረት በር ብቻ ነበር። በራችን ፊት ግራቪሊያ ተከልኩ፤ ከዚያ በር እያንኳኳሁ ጎረቤቱን ሁሉ ጨቀጨቅሁ። «ቲቸር መጣች፣ በሉ ቆፍሩ!» እስኪሉ ድረስ አልለቀቅኋቸውም። አሁን መንገዳችን ጥላ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ሥሩ ብይ ይጫወታሉ። ደላሎች ቤት ሊያሳዩ ሲመጡ «ዛፍ ያለበት መንገድ» እያሉ ይጠሩታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋል፤ ለምን ይደበቃል?

ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጡኝ ዕለት ግን ማህሌት ያንን መንገድ ቆማ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እማዬ፣ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው። አንድ ቀን ትወድቂያለሽ። ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው፤ ማን ያይሻል? ቤቱን እንሽጠውና እኔ ጋ ነይ።»

ልጄ ክፉ አይደለችም፤ ፈርታ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ የደም ግፊት ላለበት ሰው የማይመከር ነገር ነው። «ከበራችን እስከ ጋሽ ከድር ሱቅ ሰው ሳይደግፈኝ ደርሼ ከተመለስኩ እዚሁ እኖራለሁ። ካቃተኝ ቤቱም ይሸጥ፣ እኔም እሄዳለሁ» አልኳት። ቀነ ገደቡ ፈቃዷ የሚያልቅበት እንዲሆን ተስማማን።

ልምምድ ጀመርን። ፊዚዮቴራፒስቷ ቤት እየመጣች እግሬን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ከወለል ላይ ወንበር ተደግፎ መነሣትን ታስተምረኛለች፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ልጆችን «አንድ ጊዜ ድገም!» ስል የኖርኩት ሴትዮ በተራዬ እየተነጫነጭኩ እደግማለሁ። የግራ አውራ ጣቴ የተነቃነቀ ዕለት ዘነበች እልል ብላ ጎረቤት አስደነገጠች። ቀስ በቀስ አራት እግር ባለው ምርኩዝ ግቢውን መዞር ቻልኩ።

ከግቢ ወጥቼ ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር መንገዱን የሞከርኩ ሰሞን አንድ ነገር አየሁ። ጋሽ ከድር ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አምጥተው ዛፍ ሥር አስቀምጠዋል። በማግስቱ ከሌላ በር የብረት ወንበር ወጣ። ቀጥሎ ዱካ። አንዱማ የሳሎኑን ወንበር ከነዳንቴሉ አወጣው። ማንም ምንም አላለኝም። ስወጣ በየበሩ ፊት ወንበር ነው።

«ምንድነው ይሄ? ለቅሶ አለ እንዴ? እኔ ሳልሞት ልትቀመጡልኝ ነው?» አልኩ። ጋሽ ከድር ሳቃቸውን አፍነው ወደ ሱቃቸው ገቡ። እኔም አልቀመጥም አልኩ። ወንበር የሚቀመጥላት ሴት መሆን አልፈለግሁም። ፊዚዮቴራፒስቷ፣ «ማረፍ የሕክምናው ክፍል ነው። ኩራት ጡንቻ አያጠነክርም» አለችኝ። ሰማኋት፤ አልሰማኋትም።

የማህሌት ፈቃድ ሊያልቅ ሲል ቀኑን ቆረጥኩ። እሷን ከግቢ እንዳትወጪ ብዬ በሩን ዘጋሁባት። የመጀመሪያውን ወንበር አለፍኩ። ሁለተኛውንም አለፍኩ። የሚያየኝ ያለ አልመሰለኝም፤ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ግራ እግሬ መጎተት ጀመረ። አልቆምኩም። ሦስተኛው ወንበር አጠገቤ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። አልዘረጋሁም።

ጉልበቴ ታጠፈ። ወደቅሁ። ክርኔ ተላጠ። ምርኩዙ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። አልጮኽኩም። ቤቴ እንደተሸጠ ቆጠርኩት።

ያኔ የብረት በር ድምፅ ሰማሁ። አንዱ ተከፈተ። ሌላው ተከፈተ። ሌላውም። አንዷ ሊጥ በእጇ እንደያዘች፣ አንዱ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ፣ ጋሽ ከድር የስኳር ማንኪያቸውን እንደያዙ፤ መንገዱ በሰው ተሞላ። ለካ ከወጣሁባት ደቂቃ ጀምሮ ሰው ሁሉ እንዳላፍር ብሎ በየበሩ ክፍተት ተደብቆ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ልጄ እየሮጠች የደረሰችው ከሁሉም በኋላ ነው።

ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው፣ «ቲቸር፣ እናንሣዎት ወይስ ራስዎ?» አሉ።

«ማንም እንዳይነካኝ! ወንበሩን አምጡልኝ።»

አመጡልኝ። እንደተማርኩት በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ በቀኝ እጄ ወንበሩን ይዤ፣ አንዴ ወድቄ እንደገና ሞክሬ ተነሣሁ። ተቀመጥኩም። እንዴት ደስ ይላል መቀመጥ! ትንፋሼ ሲመለስ ቀጠልኩ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ወንበር አላለፍኩም፤ ዱካው ላይ ሳይቀር እያረፍኩ ሱቁ ደረስኩና በመጣሁበት ተመለስኩ።

ማህሌት እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ «እማዬ፣ ወድቀሻል እኮ» አለች።

«ብወድቅስ? ሰው ደገፈኝ? ወንበር ሰው ነው እንዴ?»

ልጄ ዞራ ሊጥ የያዘችውን ሴት፣ ሳሙናውን በእጅጌው የሚጠርገውን ሰውዬ፣ የተከፈቱትን በሮች አየቻቸው። «እሺ» አለች። ስትሄድ የእኛን የምግብ ጠረጴዛ ወንበር አንዱን አውጥታ በራችን ፊት፣ ግራቪሊያው ሥር አስቀምጣው ሄደች።

አሁን ደህና ነኝ። ግራ እጄ ቁልፍ ለመቆለፍ ይለግማል፣ ሲደክመኝ ምላሴ ይከብዳል፤ ዛፎቼን ግን ራሴ አጠጣለሁ። ዶክተሩ በቀጠሮዬ ስገባ አረማመዴን አይቶ፣ «ቲቸር፣ አሁን እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩኝ» አለኝ። ወንበሮቹም ወደ ቤት አልተመለሱም፤ ዝናብ ሲመጣ ይገቡና ሲያባራ ይወጣሉ። እርጉዟም፣ ከጀሞ ታክሲ ወርዶ ዕቃ የተሸከመውም አረፍ ይልባቸዋል።

በዚህ ሕመም መንገድ ላይ ላላችሁ የምላችሁ ብዙ አይደለም። አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ቃል ሲተሳሰር ምች ነው ብላችሁ ጊዜ አታባክኑ፤ ሩጡ። የግፊት ክኒናችሁን ደህና ነኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ውጭ ላለ ልጃችሁ ንገሩት። ዘነበችን፣ ያንን ወጣት ዶክተር፣ ፊዚዮቴራፒስቷን፣ በየበሩ የጠበቀኝን ጎረቤት ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል እላለሁ፤ እኔ መክፈል አልችልም።

በቀደም ማህሌት ፎቶ ላከችልኝ። ከሄደች ጀምሮ እዚያ ሜልበርን በሯ ፊት፣ ዛፍ ሥር ወንበር እንዳወጣች ነግራኝ ነበር፤ «ከወፍ በቀር የተቀመጠበት የለም» እያለች ስትስቅ ሰንብታለች። በፎቶው ላይ የሎሚዋ አሮጊት ተቀምጠውበታል። ሎሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አጠገባቸው ልጄ ሌላ ወንበር አምጥታ፣ የልጅ ልጄ ሣሩ ላይ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ አለችኝ።

ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ዘነበችን እንኳ አልጠራኋትም። ጋሽ ከድር ሱቅ ደርሼ ስልኩን ፊታቸው ደቀንኩት። መነጽራቸውን ፈልገው አጥልቀው አዩትና ቀና አሉ።

«ወንበሩ እንኳን የእኛን መንገድ ወንበር ይመስላል» አሉ።

«ልማዱ ከእኛ መንገድ የሄደ ነዋ!» አልኩ፤ ድምፄ ከሱቁ አልፎ ተሰማ።

«ኮራን፣ ቲቸር። አሁን ግን እግርዎ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ።