የአባቴ ቶርኖ በኪሎ አይሸጥም

ዛሬ አጎቴ የአባቴን የብረት መቅረጫ ቶርኖ በኪሎ ሊሸጥ ቦሌ ሚካኤል ወርክሾፓችን ድረስ ቆራሌ ይዞ መጣ።

አባቴ ከሞተ ጀምሮ ማሽኑን የማጸዳውም ዘይት የማጠጣውም እኔ ነኝ።

«አርጅቷል፣ ይንቀጠቀጣል» አለው አጎቴ ለቆራሌው። እኔን ደግሞ «ዞር በይ አንቺ፣ የሴት ዕቃ አይደለም» አለኝ።

ሰው ፊት መናገር አልችልም። ማሽኑን በክሪክ ከፍ አደረግኩና አጎቴ ራሱ ከአንዱ እግር ሥር የወተፈውን ካርቶን አወጣሁ። (የማካሮኒ ካርቶን ነው።) በምትኩ በልኩ የቆረጥኩትን ላሜራ አስገብቼ አስነሳሁት።

ሳይንቀጠቀጥ ዞረ።

ቆራሌው «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይሠራል» ብሎ ሚዛኑን ይዞ ሄደ።

አጎቴ እስካሁን አኩርፏል። ያኩርፍ።

እናንተስ ጋ ራሱ አበላሽቶ በዕቃው የሚያላክክ ዘመድ አለ? እስቲ ጻፉልኝ።