ጋቢና ውስጥ የተቋረጠው ፈተናዬ

አሁን፣ ሚሌ ኬላ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከገዛ መኪናዬ ሳልወርድ ከፈተና ተባረርኩ።

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ሎጂስቲክስ በኦንላይን መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ዛሬ የማጠቃለያ ፈተና ነበረኝ። «ፍተሻው ከአሱር ሶላት በፊት አይጀምርም» ብለው የኬላው ፈታሾች ሲነግሩኝ ደስ አለኝ። ለኤሲው ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ስልኬን መሪው ላይ አስደግፌ ጀመርኩ። ካሜራው ያየኛል፣ ማይኩ ያዳምጠኛል።

አራተኛው ጥያቄ «ጭነት መንገድ ላይ የሚዘገይባቸውን ምክንያቶች ዘርዝር» ይላል። እሱንማ ለእኔ ተዉት!

እየዘረዘርኩ ሳለ ፍተሻው ካሉት ሰዓት ቀድሞ ተጀመረና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አላየሁም። ከኋላዬ የቆመው ሹፌር፣ ጋሽ መሐመድ፣ መጥቶ በሩን ደበደበው።

«አንተ ሰውዬ፣ ተኝተሃል እንዴ? ወላሂ ጥዬህ ነው የማልፈው!»

ወዲያው ስልኬ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ የሌላ ሰው ድምፅ ስለተሰማ ፈተናው ተቋርጧል።

የትምህርቱ አስተባባሪ ጋ ደወልኩ። «ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ መሆን ነበረብህ» አለችኝ።

ጋሽ መሐመድ ነገሩን ሲሰማ ግን ራሱን ያዘ። «ምነው ብትነግረኝ? ሰልፉን ሁሉ ጸጥ አሰኝልህ ነበር» አለኝ።

አልክድም፣ ኦንላይን ባይኖር ጭራሽ አልማርም ነበር። ዛሬ ሚሌ፣ ነገ አዋሽ የሚያድር ሰው የቱ ክፍል ገብቶ ይቀመጣል? የሚያበሽቀኝም ይሄው ነው። ሲመዘግቡኝ «ባለህበት ሆነህ ተማር» ነበር ያሉኝ።

ያለሁት እዚህ ነዋ!

እናንተስ፣ ፈተና መሀል በር የደበደበባችሁ ማን ነው?