የገብስማዋ እንቁላሎች

በእኛ አገር ዶሮ የሴት ከብት ናት። ወንድ በሬውን ያውቃል፣ በጉን ያውቃል፤ ዶሮ ላይ ግን ስትታረድ ካልሆነ እጁን አያስገባም። እኔም ዕድሜዬን እንደዚያው ነው የኖርኩት። ቤታችን ውስጥ ዶሮ መኖሩን የማውቀው አውራው ሲጮህና ወጡ ሲቀርብ ነበር። ይህ ልማድ እንዴት እንደቀረብኝ ነው የምጽፈው።

ቤታችን ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ፣ ጥዱ ከሚጀምርበት ከፍ ብሎ ነው። ኅዳር ሲገባ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ጠዋት በር ስንከፍት ሣሩ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በገበታ ያደረው ውኃ ላዩ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ስለዚህ አስተዋይ ሴት በኅዳርና በታኅሣሥ ዶሮ አታስታቅፍም። ጥቅምት ላይ ያስታቀፈች አስታቀፈች፤ ያለዚያ ጥር እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ጫጩት ረኃብን ይችላል፣ ብርድን አይችልም።

ያን ዓመት ግን በክረምቱ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገብቶ የአካባቢውን ቆጥ ሁሉ ባዶ አደረገው። ለባለቤቴ የተረፈቻት አንዲት ዶሮ ናት። ገብስማ ናት፤ ላባዋ ነጩና ግራጫው ተቀላቅሎ የገብስ እሸት የሚመስል፣ አንድ እግሯን የምታነክስ። ባለቤቴ ስትዳር ከእናቷ ቤት በእንቅብ ይዛት የመጣችው የቄብ ዘር ናት። እናቷ ካረፉ ቆዩ፤ ያ ቤትም ፈርሷል። «የእናቴ ዶሮዎች በውርጭ ላይ ሲጭሩ እያየሁ ነው ያደግሁት» ትል ነበር። ከዚያ ቤት እጇ ላይ የቀረው ያ ዘር ብቻ ነው፤ ገብስማዋ ሳትተካ ከሞተች አለቀ።

ታዲያ ያቺ ገብስማ ኅዳር አጋማሽ ላይ ቋ ቋ እያለች ከጭዱ አልነሣም አለች።

«ወሩን አላየሽም?» አልኳት ባለቤቴን።

«ወር የሚቆጥረው ገበሬ ነው። ዶሮ ምን ታውቃለች?»

«አንቺስ?»

«እኔማ ሌላ ዶሮ የለኝም» አለችና ነገሩን ጨረሰችው። እንቅቡ ላይ ጭድ ደለደለች። መብረቅ እንቁላሉን እንዳያበላሸው ብላ የማረሻ ስባሪ ከሥር አስገባች። የኅዳር ሰማይ መብረቅ የለውም፤ ብረቱ ግን አይቀርም፣ እናቷ እንዲያ ያደርጉ ነበር።

ሳምንት ያህል እንደታቀፈች ከወገል ጤና ስልክ ተደወለ። ልጃችን እዚያ ነው ያገባችው፤ የመጀመሪያ ልጇን ተገላግላ ነበር። ባለቤቴ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ቋጥራ ልታርሳት ተነሣች። በር ላይ ቆማ አዘዘችኝ።

«በቀን አንድ ጊዜ፣ ፀሐዩ በርታ ሲል ከእንቁላሉ አንሣት። ትብላ፣ ትጠጣ፣ አፈር ላይ ትንከባለል፤ እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ ትመለስ። አጠገቧ ቁም። ሌላ ሥራ እንዳትይዝ።»

«ስለ እኔስ ምንም አላዘዝሽ?»

«አንተማ ጎመን መቀቀል ታውቃለህ።»

ከደጅ ወጥታ ተመለሰችና ወደ ታች፣ ወደ ጎረቤታችን ቤት በአገጯ አሳየችኝ። «ልጅቱ መውለዷን ለዚያች ትንፍሽ እንዳትል።»

ይህን ላስረዳ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ስለታም፣ እጇ ግን ለጋስ የሆነች ሴት ናት። አበልጆች ነን፤ ወገል ጤና ያለችውን ልጃችንን ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ለማኅበር ጠላ ብቅል ፀሐይ ላይ አስጥታ ሳለ ገብስማዋ አጥር ዘልላ ገባችና ጫረችባት። ሴትዮዋ ድንጋይ ወረወረች። ላስፈራራት ብዬ ነው ትላለች፤ ድንጋዩ ግን የዶሮዋን እግር አገኘው። ባለቤቴ እግሩን በሸንበቆ ስንጥር አስራ ጠገነችው። ሰላምታውን ግን የጠገነ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አንዷ በላይኛው መንገድ፣ አንዷ በታችኛው ሆነ።

እኔ እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ፀሐይ በርታ ሲል ገብስማዋን አቅፌ አወጣለሁ፣ ዱላዬን ይዤ እቆማለሁ፣ ስትጨርስ እመልሳለሁ። በመንገዱ የሚያልፉ እኩዮቼ ለዚህ ጊዜ አላጡም።

«እንዴት ነው፣ ዛሬም አልጣልክም?» ይለኛል አንዱ።

«ተወው፣ ታቅፎ ነው የዋለው፤ አታስደንግጠው» ይላል ሌላው።

አንድ ረፋድ ላይ እንዲሁ ቆሜ ሳለሁ ጥላ በመሬቱ ላይ አለፈ። ቀና ስል አንድ ንስር እላያችን ደርሷል። ዱላዬን አነሣሁ፤ ገብስማዋም ወደ አጥሩ ልትሮጥ ተነሣች። ሌላ ዶሮ ብትሆን ትደርስ ነበር። እሷ ሁለት ጊዜ አነከሰችና ተያዘች። ዱላዬን ወረወርኩት፤ ዱላው ገደል ገባ፣ ንስሩ ወደ ጥዱ ሄደ። ጥቂት ላባ እየተንሳፈፈ መጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ።

ቆሞ ማዘን አልተቻለም። ገብቼ እንቁላሎቹን በመዳፌ ነካኋቸው፤ እንደሞቁ ናቸው። ምድጃ ዳር ባኖራቸው ይበስላሉ ወይም ይበርዳቸዋል፤ ልኩን የምታውቀው ዶሮ ብቻ ናት። በመንደሩ ደግሞ የምትታቀፍ ዶሮ አንዲት ነበረች። ጎረቤታችን ከቅዳሜ ገበያ አንድ ቀይ አውራና አንዲት ጥቁር ዶሮ ገዝታ ነበር፤ ጥቁሯ ያን ሰሞን ቋ ቋ ስትል ከደጄ ይሰማኛል። ጋቢዬን አውልቄ እንቅቡን ከነጭዱ፣ ከነብረቱ ጠቀለልኩና ቁልቁል ወረድኩ። እንቁላል የያዘ ሰው አይሮጥም፤ በብርድ ደግሞ አይዘገይም። በሁለቱ መካከል ሆኜ ደረስኩ።

ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥቁሯን ዶሮ በጉልበቶቿ መካከል ይዛለች። በእጇ ረጅም ላባ አለ። ዶሮ እንዳትታቀፍ ሲፈለግ በአፍንጫዋ ላባ ያሳልፉባታል፤ ይህን እንኳ አውቃለሁ።

«አበልጄ! ምን እግር ጣለዎት? መንገድ ጠፍቶብዎት ነው?»

«ያቺ ላባ ትቆይ።»

«ምን ትቆያለች? በዚህ ቁር ልታቀፍ ትላለች፣ ዐይነ ደረቅ። እንቁላሏን ሸጬ ጨርሻለሁ፤ ድንጋይ ልስጣት?»

«እንቁላል ይዤ መጥቻለሁ።»

ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየች። «የማን ነው?»

«የገብስማዋ።»

«እሷስ?»

«ንስር ወሰዳት። ልትሮጥ ነበር፣ አልሆነላትም።»

ላባውን ጣለችው። ስለ እግሩ እሷም አላነሣች፣ እኔም አላነሣሁ። «ይግቡ፣ ብርድ አያስገቡ» ብላ በሩን ገርበብ አደረገች።

በበሩ ስንጥቅ በሚገባው የፀሐይ ጨረር ላይ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አነሣች። በእጇ ከልላ ታያለች። «ይቺ ውኃ ናት። ይቺ ልጅ አላት፣ ይዩት ደም ሥሩን። ይቺም አላት።» ውኃ የሆኑትን ለይታ የቀሩትን ከጥቁሯ ዶሮ ሥር አስገባች። ዶሮዋ ለማን ነው ብላ አልጠየቀችም፤ በመንቆሯ እየሳበች ሆዷ ሥር አስተካከለቻቸው። የማረሻውን ስባሪም ሴትዮዋ ራሷ አስገባችው።

«በምን ውል እንስማማ?» አልኳት።

«ርቢ ይሁን።»

ርቢ በላም ነው የማውቀው። ላም ያለው ላሙን ይሰጣል፣ ሣርና ጉልበት ያለው ያረባል፣ የተወለደውን እኩል ይካፈላሉ። በእንቁላል ሲደረግ አልሰማሁም።

«እንቁላሉ የእናንተ፣ ዶሮዋ የእኔ» አለች። «አባታቸውማ ሲጀመር የእኔ ቀይ አውራ ነው። በአጥሩ ሾልኮ ሲመጣ አላየነውም ልትሉ ነው? እሱ እንደ እኛ አላኮረፈም።»

ሳልወድ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወደ ታች መውረድ ሥራዬ ሆነ። ኩበት እወስዳለሁ፣ ጥቁሯ ስትነሣ አዲስ ዱላ ይዤ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን እዚያው ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት።

«ገብስማዬ እንዴት ናት?»

ለእኔ ጤና ገና አልደረሰችም። «እንቁላሎቹ ሙቀት ላይ ናቸው» አልኩ። ይህ እውነት ነው።

በዚህ መካከል ጎረቤታችን ጥቁሯን «ግቢ አንቺ፣ እንቁላሉ በረደ!» ብላ ጮኸችባት።

«የማን ድምፅ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«የዶሮ ነው።»

«ዶሮዋ እኔ ከሄድኩ አፍ አወጣች?»

መልስ ስፈልግ ከወዲያ ሕፃን አለቀሰ። ስልኬ ድምፁ ብዙ ነው፤ ጆሮዬ ደከም ስላለ ከፍ አድርጌ ነው የምይዘው። ባለቤቴ ወደ ሕፃኗ ስትሄድ ስልኩ ተዘጋ። ጎረቤታችን እንደቆመች ቀረች።

«ክርስትና ልጄ ወልዳለች?»

እኔ አልተናገርኩም፤ ስልኩ ተናገረ። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

በሁለት መዳፏ አፏን ይዛ ሦስት ጊዜ እልል አለች። «ዶሮዋ እንዳትደነግጥብኝ ነው» አለችና ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገች።

ጫጩቶቹ የወጡት ውርጩ ጠንከር ባለበት ሳምንት ነው። ጥቂቶቹ ቅርፊታቸውን ሳይሰብሩ ቀሩ። አንዱ ወጥቶ ሳይደርቅ ከክንፏ ውጭ አድሮ ሞተ። ለቀሩት አሮጌ ማሰሮ ውስጥ አመድ የለበሰ ፍም አድርገን፣ በጆንያ ጠቅልለን አጠገባቸው እናኖር ጀመር። ፍሙ ከበዛ ያፍናቸዋል፣ ካነሰ ከንቱ ነው። ጎረቤቴ በክንዷ ውስጠኛ በኩል እየነካች ትለካለች፤ እኔም ተማርኩ። ውኃቸውን ከፀሐይ ላይ አሙቀን፣ ገብስ ከክተን፣ ጤዛው እስኪረግፍ ከቤት ሳናስወጣ አቆየናቸው።

ባለቤቴ ለገና በሚመጡት ምዕመናን መኪና ተሳፍራ ተመለሰች። ገብታ ያየችው ባዶውን ማዕዘን ነው። ቁጭ አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ንስሩን፣ ዱላውን፣ ጋቢውን።

«ከአገር ዶሮ ሁሉ ከእሷ ዶሮ ሥር?»

«ሌላ የምትታቀፍ ነበረች?»

«ደግሞ ርቢ!»

«ርቢ።»

ያን ቀን አልተናገረችኝም። በማግሥቱ እንቅብ ይዛ ተነሣች። «ድርሻዬን አምጥቼ እዚሁ አሳድጋለሁ።» ተከተልኳት፤ ምን እንደሚሆን ፈርቻለሁ።

ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ አየቻትና ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ይውሰዱ» አለች። «ግማሽ የእርስዎ ነው። እናቲቱን ግን ለሁለት እንዴት ልቁረጣት?»

በዚያ ብርድ ጫጩት ከእናቱ ክንፍ ከተለየ እንደማያድር ከእኔ ይልቅ ባለቤቴ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ጥቁር አለ፣ ቀላ ያለ አለ፤ አንዷ ጀርባዋ ላይ ገብስ የመሰለ ነገር ጀማምሯታል። ባለቤቴ ጣቷን ዘረጋችላት፤ ጫጩቷ ጥፍሯን ነቆረቻት።

«እስኪለብሱ ይቆዩ» አለች ባለቤቴ፣ እንቅቡን እንደያዘች።

ላባ እስኪለብሱ ማለት እስከ የካቲት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተከካ ገብስ ይዛ የምትወርደው እሷ ሆነች። መጀመሪያ በትና ዝም ብላ ትመለስ ነበር። በኋላ «ፍሙ አልበዛም?» አለች። ጎረቤታችንም «ክንድዎን አስጠግተው ይዩት» አለቻት። ከፍሙ ወደ ክኩ፣ ከክኩ ወደ ሕፃኗ ሄዱ። ከላይ ሆኜ ስሰማ ድምፃቸውን አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ። ብቅሉን አንሥተውት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

የሕፃኗ ክርስትና የካቲት ላይ ደረሰ። አያትና የእናቲቱ ክርስትና እናት አብረው ወገል ጤና ሊሄዱ ተነሡ። ጫጩቶቹን አልተካፈሉም ነበር። ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ደጄ ላይ ቆሙ።

«አጠገባቸው ቁም» አለች ባለቤቴ።

«ዱላዎን አይጣሉ፣ አበልጄ» አለች ጎረቤታችን።

«ሌላ ሥራ እንዳትይዝ።»

«ማታ ቆጥ ላይ መውጣታቸውን ይቁጠሩ።»

«እሺ» አልኩ ለሁለቱም።

ተያይዘው በታችኛው መንገድ ወረዱ። እኔ አጥሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ገብስማዋ ቄብ አሁን አድጋለች፤ የማን ድርሻ እንደሆነች አልተወሰነም። ፀሐዩ በርታ ሲል ጥላ በመሬቱ ላይ አለፈ። ዱላዬን ይዤ ብድግ አልኩ። ቀና ብዬ ሳይ ቁራ ነው።

ቄቧ ግን ከእኔ ቀድማ አጥሩ ሥር ገብታ ነበር።