በክንድ የተለካ ሹራብ

እኚህ ሴት በሆስፒታሉ መተላለፊያ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ሹመኛ ተደላድለው ሹራብ ይሠራሉ። ክር ሲያልቅባቸው መርፌዎቹን ሻሻቸው ውስጥ ሰክተው እንዝርታቸውን ያሾራሉ፤ ያኔ ዋናው ሐኪም እንኳ ጥግ ይዞ ያልፋል። የሹራቡ ደረትና ጀርባ ተጠናቋል፤ የቀረው እጅጌው ነው።

ተረኛዋ ነርስ ሹራቡን ዘርግታ አየችውና፣ ውስጥ የተኙትን ባለቤታቸውን አሰበች። በሽታው አጥንታቸውን ብቻ አስቀርቶላቸዋል።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ እንደሳቸው ያለ ሁለት ሰው ያስገባል። ትንሽ ጠበብ ቢያደርጉትስ?»

«በምን ለካሽው?»

«በዓይኔ።»

«እኔ በክንዴ ነው» አሉ፤ አየሩን አቅፈው አሳዩዋት። «ሳቅፈው ጣቶቼ የሚነካኩት በጭንቅ ነበር። እሱ ይሙላው እንጂ እኔስ አላጠብበውም።»

የቀኙን እጅጌ ጀመሩ።