የውሰት ድንጋይ

ዕለቱ ማርያም ስለነበረ ወደ እንጦጦ የምትወጣው ሚኒባስ ጢም ብላለች። ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ አንዲት አሮጊት በነጠላ የቋጠሩትን ነገር ይዘው ሲቸገሩ አየና ተቀብሎ ጭኑ ላይ አኖረው። ወዲያው ፊቱ ተኮማተረ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ድፎ ዳቦ መስሎኝ ነው!»

«ድንጋይ ነው። እንዳትነክሰው፣ ጥርስህን ትጨርሳለህ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሰውዬው ግን እስክንወርድ ድረስ እንደታቀፈው ነበር።

ተሳልመን ስንወጣ ቋጠሮውን እኔ ያዝኩላቸውና አብረን ወደ ጫካው ሄድን። ስማቸው የማርያምወርቅ ነው። የተወለዱት እዚሁ፣ የጥንት ነገሥታት ምሽግ ነበር ከሚባለው ፍርስራሽ ግንብ አጠገብ ነው። አባታቸው ቤት ሲሠሩ ከግንቡ ሰባት ጥርብ ድንጋዮች አንስተው ለደጃፋቸው ደረጃ አደረጓቸው። ሊሞቱ ሲሉ ግን፣ «የውሰት ናቸው፤ ከዚህ የወጣሽ ቀን መልሻቸው» ብለው ቃል አስገቧቸው።

አምና ያ ቤት ፈረሰ። ልጆቻቸው ዕቃውን ሲጭኑ ድንጋዮቹንም ጫኑ፤ መሪ ሰፈር በተዛወሩበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ ደረደሯቸው።

«ልጆቼ ‹ቅርስ ነው፣ አይነካም› ይሉኛል። ቅርስማ ነው፤ የኛ ግን አይደለም። በየወሩ ለማርያም ስመጣ አንድ አንድ እያመጣሁ ይኸው ስድስተኛው ነው። ጸሎቴ ጉልበቴ ሳይከዳኝ እንድጨርስ ነው።»

ግንቡ አንዳንድ ቦታ ደረት ይደርሳል፤ ሌላው ጋ ሣር ውጦታል። እማማ እየዳሰሱት ሄዱ።

«ድብብቆሽ ስንጫወት እዚህ ጥግ ነበር የምደበቀው። ወንድሜ ቱሉ ሁልጊዜ ያገኘኛል፤ ለካ ነጠላዬ ወጥቶ ይታየዋል! አባቴ ማታ ማታ ከወዲያ ማዶ ‹ማሬ!› እያለ ይጣራል። ግንቡም አብሮት ‹ማሬ!› ይላል።»

ግንቡን ተደግፈው አዳመጡ። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያወዛውዛል።

አምስቱ ድንጋዮች በየቦታቸው ገብተዋል። ስድስተኛውን አቀበልኳቸው። ገፋ፣ መታ መታ አድርገው አስገቡትና በግንባራቸው ተሳለሙት። ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ ተቀመጡ።

«የቀረው ትልቁ ነው» አሉ። «አባቴም ብቻውን አልቻለውም ነበር፤ ከአጎቴ ጋር ነው ያመጡት። እኔማ ከመሬትም አላስለቅቀው።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ለሚቀጥለው ማርያም መሪ ድረስ ብቅ ትልልኛለህ? ሚኒባሱ ውስጥ ድንጋዩን የታቀፈልኝን ሰውዬ ካገኘኸውም ይዘኸው ና።»