ጋሽ ወንድይፍራው ጥይት ሲመርጡ

ርኅራኄም ያናድዳል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

በፈረንጅ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ስኖር የአፓርታማ ጎረቤቴ ጋሽ ወንድይፍራው ቤታቸው ሁለት ጊዜ ተዘረፈና ሽጉጥ ገዙ። ጥይት እንዲገዙ ሳን ሆዜ ድረስ በመኪናዬ ወሰድኳቸው። አስተርጓሚውም እኔው ነኝ።

ሻጩ ሁለት ፓኮ ጥይት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ይሄ ርካሹ የወረቀት ዒላማ ላይ ለመለማመድ ነው፤ ቤት ውስጥ ከተተኮሰ ግድግዳ በስቶ ያልፋል። ራስን ለመከላከል ይሄ ጫፉ ጎድጓዳው ይሻላል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ተከፍቶ እዚያው ይቀራል" አለ።

ተረጎምኩላቸው።

"ሰው ሆድ ውስጥ የሚከፈት? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! ሌባም እኮ እናት አለችው" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

"ጋሼ፣ ሊገድልዎት የመጣ ሌባ እኮ ነው!"

"ቢሆንስ? በል ንገረው፤ ክፉውን ለወረቀቱ፣ ደህናውን ለቤት አደርገዋለሁ።"

ሻጩ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ ሻጩን ሁሉንም ነገር ሪፒት አስደረግኩት። ወይ ፍንክች! ጭራሽ እስክሪብቶ ተበድረው አንዱ ፓኮ ላይ "ለወረቀት"፣ ሌላው ላይ "ለሌባ" ብለው ጻፉ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አንዴ ልሞክር አልኩ። "ጋሼ፣ ግድግዳ ይበሳል ተብለዋል እኮ!"

"ይብሳዋ!" አሉ ዘና ብለው። "የአፓርታማው ማኔጀር ፊክስ ያደርገዋል።"

ከዚያ ግድግዳ ወዲህ በኩል ያለው የኔ አልጋ ነው።