በአየር ላይ የቀረች ጉርሻ

ሐኪሙ አንጀቴን በካሜራ አይቶ ሲጨርስ "ቁስልም ዕጢም የለም፤ አንጀትሽ ቁጡ ሆኖ ነው" አለኝ። እንደ ባለቤቱ ነዋ፣ አልኩ በሆዴ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽሮና ምስር እንዳልቀርብ አስጠንቅቆ ሸኘኝ። እንግዲህ ምን ቀረኝ? ያኔ በምኖርባት ሲያትል ከሬኒየር ቢች እስከ ዳውንታውን ያለውን ሽንት ቤት ሁሉ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚጠየቅበት ሳይቀር፣ በቃሌ አውቅ ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም። ሰው ስለ ተቅማጡ ምን ብሎ ያወራል?

በዚያው ሰሞን የጓደኛዬ እናት ከአዲስ አበባ መጡ። ጓደኛዬ ሲያትል እንደገባሁ በአንድ ክፍል አብራኝ የኖረች፣ እዚህ አገር ያለችኝ አንድ ዘመድ ማለት ናት። ሊንውድ ያለው ቤቷ ጋበዘችኝ። እናትየው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሶፋው እንዳይነሱ ብዬ ሳፋና ጆግ አምጥቼ አስታጠብኳቸው። መረቁኝ። ትሪው ሲቀርብ ከዳር ዳር እንጀራ እየቆነጠርኩ የምበላ መሰልኩ። እሳቸው ግን ልብ ብለውኛል። ዶሮ ወጡን አሳምረው ጠቅልለው "እንቺ ልጄ፣ ከስተሻል" እያሉ ወደ አፌ ዘረጉ።

ለእኔ አንዲት ጉርሻ ማለት ሁለት ቀን ከሥራ መቅረት ነበር።

"አልችልም እማማ፣ ይቅርብኝ" አልኩ።

"በሞቴ!" አሉ።

ፊቴን አዞርኩ። እጃቸው በአየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሱት። ጨዋታው ቀዘቀዘ። ጓደኛዬ በር ድረስ እንኳ አልሸኘችኝም። ከዚያ ወዲያ አልደወለችልኝም፤ እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አልደወልኩላትም።

የደረሱልኝ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ህንዳዊት ባልቴት ናቸው። ደረጃው ላይ ሆዴን ይዤ ተቀምጬ አገኙኝና ቤታቸው አስገቡኝ። ሩዝና የተከካ ማሾ እስኪላላ አብረው ቀቅለው፣ በእርድ፣ በዝንጅብልና በጥቂት ቅቤ አቀረቡልኝ። በሃይማኖታቸው ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይበላም። ከላይ የነሰነሱትን ቅመም ሳሸተው ነጭ አዝሙድ ነው። የማውቀው ሰው መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። አሠራሩን አስተማሩኝ፤ በወራት ውስጥ ሆዴ አደብ ገዛ።

ብቸኝነቱ ግን ባሰብኝ። ትሪ ባለበት ጉርሻ አለና ልደትም ክርስትናም መሄድ ተውኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ከባልቴቷ ጋር እበላለሁ፤ እሳቸው በሳህናቸው፣ እኔ በሳህኔ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ጎዶሎ ስለሆነ ብዙም አናወራም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ሊጠይቃቸው ቀጠሮ የነበረው ልጃቸው እንደማይመጣ ደውሎ ነገራቸው። ሳህናቸውን ወደ ጎን ገፉት። አንጀቴን በሉት። ሳላስበው ከሳህኔ ሩዙን በጣቶቼ ሰብስቤ ወደ አፋቸው ዘረጋሁ። ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ሌላ ሰው ከበላበት ሳህን መብላት በእነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ ፈገግ እያሉ ሊያስረዱኝ ሞከሩ። ገብቶኛል፣ ቅር ሊለኝም አይገባም ነበር። ግን እጄ እዚያው እንደተዘረጋ ፊቴ ጋለ፣ እንባዬ መጣ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቆሜ ለጓደኛዬ ደወልኩ።

"ያን ቀን ሆዴን አሞኝ ነበር" አልኳት፣ ሰላም እንኳ ሳልላት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሽንት ቤቱን ጭምር።

"ሶ፣ ያኔ ለምን አልነገርሽንም?" አለችኝ።

"አፍሬ ነዋ። እማማስ? ይቅርታ ልበላቸው።"

"ከተመለሰች እኮ ቆየች። አሁንም ኮል ሳደርግላት ስላንቺ ትጠይቀኛለች። 'ያቺ ልጅ የተጸየፈችኝ እጄ ቆሽሾ ነበር ወይ?' ትለኛለች።"

እጃቸው ንጹሕ ነበር። ውሃውን ያፈሰስኩላቸው እኔ ነኝ።